ልጆች ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ይበቃል

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣

ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ የክፍለ ሀገር ወላጆች ብዙ ናቸው። እኔም የ15 ዓመት ወንድ ልጄንና የ7 ዓመት ሴት ልጄን ይዤ ከደብረ ብርሃን ስመጣ ይህ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። የቀደሙት ሁለት ጉዞዎች ዘመድ በመጠየቅና ለደብተርና ለዩኒፎርም መርካቶ በመዞር አለቁ፤ በተረፈችን አንዲት ቀን ደግሞ ከእንጦጦ እስከ መስቀል አደባባይ ያለውን ሁሉ ላሳያቸው ስጣደፍ ትንሿ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ትልቁም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ዋለ። በወቅቱ ልጁን ተቆጥቼው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን የደከሙት እኔ ባወጣሁት ፕሮግራም ነው።

ዘንድሮ አንድ ሙሉ ቀን ለአንድ መንገድ ብቻ ሰጠን። ከየት ተነሥተን የት እንደምንቆም የሚወስነው፣ ታክሲውን የሚጠይቀውና ሒሳብ የሚከፍለው ትልቁ ልጄ እንዲሆን ተስማማን። ጠዋት ስድስት ኪሎ ከየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ጀመርን። በክፍል ውስጥ ስለ ግራዚያኒ የተማረው ልጅ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በ1929 ዓ.ም. ቦምብ የወረወሩበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከአደባባዩ ባሻገር ያለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ መሆኑን ሲሰማ፣ እኛን ሳይጠብቅ ወደ በሩ አቀና። በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ትንሿ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ስታይ፣ እሱ ደጅ ባለው ወደ የትም በማያደርስ ደረጃ ሥር ቆሞ ነበር። ደረጃውን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ ከጫፉ ላይ የተቀመጠው አንበሳ ግን የእኛ ነው። ስለዚያ አንበሳ እስከ ምሳ ድረስ ሲጠይቀኝ ቆየ።

ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ስንወርድ ተራው የትንሿ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም አይዘልም፤ ልጄም አጠገቧ ቆማ «እበልጣታለሁ!» አለች። ትልቁ ደግሞ ይህ ራሱ አጥንቱ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ለዕይታ የቀረበው ቅጂ እንደሆነና ዋናው ለጥንቃቄ ተለይቶ እንደሚቀመጥ ሲነገረው ቅር ይለዋል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ እርሱ ግን አጥንት እንዴት እንደሚጠበቅ ወደ መጠየቅ ገባ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እውነቱን ሲነግሩት ይበልጥ እንደሚቀርብ ያን ቀን አየሁ።

ከዚያ ቁልቁል በእግር ወደ አራት ኪሎ ወርደን፣ የሚያዝያ 27ን የድል ሐውልት ዞረን አየን። ከየካቲት 1929 እስከ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. አራት ዓመት ከሁለት ወር መሆኑን ያሰላው ልጁ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ቀን በእግራችን መሄዳችንንም የነገረን እርሱ ነው። የክረምቱ ዝናብ እንደ ልማዱ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተጠለልን። አንድነት ፓርክንና የሳይንስ ሙዚየምን ሆን ብለን ለሌላ ጊዜ አቆየናቸው።

ይህን የምጽፈው ግን ስላየነው ነገር ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት በጎበኘነው አንድ ተቋም፣ ትንሿ ልጄ እጇን አውጥታ ስትጠይቅ አስጎብኚው «እኔ የማስረዳው ለትልልቆች ነው» ስላላት፣ እስክንወጣ ድረስ ቃል ሳትተነፍስ ቀረች። ይህ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አይመስለኝም፤ የጉብኝት ቦታዎቻችን ልጅን እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ወላጁ ጓዝ ስለሚቀበሉት የመጣ ነው።

ስለዚህ የሚመለከታቸውን የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሌለው ነገር ነው። ለሕፃናት የሚሆን፣ ይህን ፈልጊ፣ ያንን ቁጠሪ የሚል አንድ ቅጠል ወረቀት በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን በየበሩ ይዘጋጅ፤ የደከመ ልጅ የሚያርፍበት ወንበር ይኑር፤ በክረምት ዕረፍት ላይ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በመጠነኛ አበል ለአፍላ ወጣቶች አስጎብኚ ይሁኑ፤ የ15 ዓመት ልጅ ከአባቱ ይልቅ የ20 ዓመት ተማሪ ሲነግረው በደስታ ያዳምጣልና። ጋዜጣችሁም ሰኔ ሲገባ የየሙዚየሙን የመክፈቻ ሰዓትና የመግቢያ ዋጋ በአንድ ገጽ ቢያወጣልን፣ ከሩቅ የምንመጣ ወላጆች ከቤታችን ሳንነሣ ከልጆቻችን ጋር ቁጭ ብለን ቀኑን ማቀድ እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች አባት፣ ከደብረ ብርሃን