ሁሉም ልጅ የሚጫወትበት አንድ ዓመት፦ ለሰፈራችን ታዳጊዎች የድጋፍ ጥሪ

ውድ የካዛንቺስ ልጆች፣ አገር ቤት ያላችሁም ባሕር ማዶ ያላችሁም፣ እንደምን ከረማችሁ?

ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የሰፈራችን የታዳጊዎች እግር ኳስ ፕሮጀክት ለሚቀጥለው አንድ ዓመት 350,000 ብር ያስፈልገዋል። ዋንጫና ማሊያ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። በገንዘቡ የምንገዛው የመጫወቻ ደቂቃ ነው።

ሰፈሩ ፈርሶ ብዙው ሰው ገላን ጉራና ሌላም ቦታ ሲገባ ቡድኑ ይበተናል ብለን ፈርተን ነበር። አልተበተነም። አሁን 64 ልጆች አሉን። ከ13 ዓመት በታች፣ ከ15 ዓመት በታች፣ በቅርቡ ደግሞ የሴቶች ቡድን ጀምረናል። ከገላን ጉራ በጠዋት ተነስቶ ታክሲ እየቀያየረ የሚመጣ ልጅ አለ። አሰልጣኙ ግን አንድ ነው። ሜዳውም ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ብቻ የምንከራየው አንድ አርቴፊሻል ሜዳ ነው።

እስቲ አስሉት። አስራ አንድ ለአስራ አንድ ሲገጥሙ ሜዳ ላይ ያሉት 22 ናቸው። ሌላው መስመር ዳር ቁጭ ብሎ ያያል። ሁለተኛው ጨዋታ ሲጀመር ሰዓቱ እያለቀ ነው። ቀጣዮቹ ተከራዮች በር ላይ ቆመው «አልቋል፣ ውጡልን» ይላሉ። የሚቀመጡት ልጆች ደግሞ በየሳምንቱ እነዚያው ናቸው። ጥቂት ወር ይታገሳሉ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ይቀራሉ። ቀጥሎ ሁለት። በኋላ ጭራሽ ስማቸውን የሚያነሳ ይጠፋል።

«አሰልጣኙ ለምን እኩል አያጫውታቸውም?» የሚሉ ወላጆች አሉ። እነዚሁ ወላጆች በክረምት ውድድር ላይ ቡድኑ አንድ ጎል ሲገባበት «ያንን ልጅ አውጣው!» እያሉ የሚጮኹ ናቸው። ሰውዬው ምን ያድርግ? ከተሸነፈ «አይችልም» ይባላል። ከክለብ የሚመጣ መልማይም ዓይኑ የሚያርፈው የሚያሸንፍ ቡድን ላይ ነው። ስለዚህ የሚያሸንፉለትን ያሰልፋል። በእሱ ቦታ ብንሆን አብዛኞቻችን ያንኑ እናደርግ ነበር።

ችግሩ፣ በ12 ዓመት ልጆች ጨዋታ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያደገ ልጅ መሆኑ ነው። እግሩ ረዘም፣ ትከሻው ፈርጠም ያለ። ኳሱን ወደፊት ይመታዋል፣ ሮጦ ይደርስበታል፣ ያገባል። ሁላችንም «ይሄ ልጅ ጉድ ነው» እንላለን። ከጎኑ ሰውነቱ ገና ያልተነሳ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ቀና ብሎ አይቶ የሚያቀብል ልጅ አለ። እሱን የሚያየው የለም። በሦስት ዓመት ውስጥ ሌሎቹ በቁመት ይደርሱና ትልቁ ልጅ በጉልበት የሚበልጠው ሰው ያጣል። አብዶ መሥራት አልለመደም፣ በግራ እግሩ መጫወት አልለመደም። ትንሹ ልጅ ደግሞ ያኔ ኳስ ትቶ ሄዷል። ሁለቱንም አጣናቸው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አካዳሚዎች በዕድሜ ምድባቸው የመጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች በብዛት እንደሚመረጡ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት የተወለዱት ደግሞ እንደሚዘለሉ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። የጥቂት ወራት ልዩነት በዚያ ዕድሜ ትልቅ ነው። በእንግሊዝ አንዳንድ አካዳሚዎች ልጆችን አልፎ አልፎ በልደት ቀን ሳይሆን በሰውነት ዕድገት ደረጃ እየመደቡ የሚያጫውቱት ለዚህ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመርበታል። ዕድሜ መቀነስ። ነገሩ በዓለም ደረጃም ስላስቸገረ ፊፋ በ2009 ናይጄሪያ ላይ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማስመርመር ጀመረ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በሰፈር ደረጃ ኤምአርአይ የለንም። ያለን የወላጅ ቃል ነው። አንድ ወላጅ የልጁን ዕድሜ ሲቀንስ የሌላውን ልጅ ቦታ እየወሰደበት መሆኑን ቢያስብ ጥሩ ነበር።

ጎበዙ ልጅስ? እሱ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከመጠን በላይ ይጫወታል። ጠዋት ለእኩዮቹ ቡድን፣ ቀጥሎ ለታላላቆቹ፣ እሁድ ደግሞ ጎረቤት ሰፈር «እሱን አውሱን» ብሎ ይወስደዋል። አንድ ልጅ አለን፣ ስሙን አልጠቅስም። ኳስ እግሩ ላይ ስትደርስ ወላጅ ሁሉ ከተቀመጠበት ብድግ ይላል። ባለፈው ክረምት ጉልበቱ ሥር አበጠና ደረጃ መውረድ አቃተው። በፍጥነት እያደጉ ያሉ ብዙ ሯጭና ዘላይ ልጆች ላይ የሚታይ ሕመም ነው። ከጉልበት ሎሚው በታች ያለው ገና ያልጠነከረ አጥንት በጡንቻው ተደጋጋሚ ጉተታ ይታመማል። ዋናው መፍትሔ ጫናውን መቀነስ ነው። ማን ይቀንስለት? እሱ ሲቀመጥ እንሸነፋለን ብለን የምንፈራው እኛው ነን።

ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን ይህን ስንት ጊዜ አይተናል። ፔድሪ ገና በ18 ዓመቱ፣ በ2020/21 የውድድር ዘመን፣ ለባርሴሎናና ለስፔን ከ70 በላይ ጨዋታ ተጫወተ። የአውሮፓ ዋንጫን ጨርሶ ብዙም ሳያርፍ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት የጭን ጡንቻው እየተመላለሰ አስቀመጠው። ማይክል ኦወን በ17 ዓመቱ ለሊቨርፑል ጀመረ፣ በ18 ዓመቱ የዓለም ዋንጫ ላይ አርጀንቲና ላይ ያገባትን ጎል ማን ይረሳታል? በ1999 ገና በ19 ዓመቱ ቋንጃው ተጎዳ። ያ ፍጥነት እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ሜሲን ግን ተመልከቱት። የባርሴሎናው አሰልጣኝ ፍራንክ ራይካርድ ልጁን በ17 ዓመቱ አስገባው፤ ሆኖም በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ሊግ ላይ ያጫወተው በ7 ጨዋታ ብቻ ነበር።

ቤንች ላይ መቅረትስ? ሁለት ልጆችን ላንሳ። አንዱ የኛው ነው፣ ጌዲዮን ዘላለም። በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ ሜሪላንድ ያደገ። በ2013 አርሰናል ገባ። በጥር 2014፣ 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በኤፍኤ ካፕ ኮቨንትሪ ላይ ተቀይሮ ገባ። አሰልጣኙ አርሴን ቬንገር አርሰናልን ከያዙ በኋላ ተወልዶ ለቡድኑ የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች ነበር። ያን ቀን ስንቶቻችን ደስ እንዳለን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቋሚ ቦታ አላገኘም። ስኮትላንድ በውሰት ሄዶ ለሬንጀርስ ሲሰለፍ ደህና ተንቀሳቀሰ። በ2017 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ። ለአርሰናል በፕሪሚየር ሊግ አንድም ጊዜ ሳይሰለፍ ለቀቀ። ጉዳቱ ባይኖር ምን ይሆን ነበር ማለት አይቻልም። በዚያ ዕድሜ በየሳምንቱ መጫወት እንደነበረበት ግን እኔ አልጠራጠርም።

ሌላው ከኤርትራውያን ወላጆች ስዊድን የተወለደው አሌክሳንደር ኢሳክ ነው። በ17 ዓመቱ ዶርትሙንድ ሲገባ ሁሉም አወራለት። ቤንች ላይ ቀረ። በ2019 መጀመሪያ ላይ ቪለም ቱዌ ወደሚባል ትንሽ የሆላንድ ክለብ በውሰት ተሰጠ። እዚያ በ16 የሊግ ጨዋታ 13 ጎል አገባ። የዶርትሙንዱም ኢሳክ የቪለም ቱዌውም ኢሳክ ያው አንድ ልጅ ነው። የተለወጠው ነገር በየሳምንቱ መሰለፉ ነበር። በኋላ በኒውካስል ያደረገውን ታውቃላችሁ።

እነዚህ የዓለም ኮከቦች ናቸው፣ የእኛ ልጆች የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ሕፃናትን በተመለከተ ሥራውን አውቀው የሚሠሩ አገሮች ወደ አንድ ነገር መጥተዋል። ቤልጂየም በ2000ዎቹ የታዳጊ እግር ኳሷን ስትለውጥ ትንንሾቹን በአምስት ለአምስትና በስምንት ለስምንት አጫወተች፣ የደረጃ ሰንጠረዣቸውንም አነሳች። በ2018 የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ ወጣች። (በዚህ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም።) ጀርመን ከ2024/25 ጀምሮ ለትንንሾቹ ሦስት ለሦስት በአራት ትንንሽ ጎል ማጫወትን ግዴታ አድርጋለች። አሜሪካ ውስጥ በ1964 የተመሠረተው ኤዋይኤስኦ የሚባለው የታዳጊዎች ማኅበር ደግሞ ቀላል ሕግ አለው። የተመዘገበ ልጅ ሁሉ የእያንዳንዱን ጨዋታ ቢያንስ ግማሽ ይጫወታል። አሜሪካ ልጆቻችሁን የምታስጫውቱ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

እኛም ያንን ሕግ ወስደናል። ከመስከረም ጀምሮ በፕሮጀክታችን ጤነኛ ሆኖ የመጣ ልጅ ሁሉ ቢያንስ ግማሽ ጨዋታ ይጫወታል። ከ13 ዓመት በታች ያሉት አንዱን ሜዳ ለሁለት ከፍለን በሰባት ለሰባት ይገጥማሉ። በአንድ ጊዜ 28 ልጅ ይጫወታል፣ እያንዳንዱም ኳስ ቶሎ ቶሎ ይደርሰዋል። ጎበዞቹ በአንድ ቀን ከአንድ ቡድን በላይ አይሰለፉም። ለሌላ ሰፈር ማዋስ ቆሟል። ልጁ ራሱ ቢለምንም። ይህ ሁሉ ደግሞ በደቂቃ ደብተር ላይ ይመዘገባል። ማን ስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ቦታ እንደተጫወተ ወላጅ ሁሉ ማየት ይችላል።

«ታዲያ ማሸነፍ የት ሊማሩ ነው? ልጆቹን አላስፈላጊ ማባበል አይሆንም?» ያሉ አባት ነበሩ፣ በስብሰባው ላይ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ከ15 ዓመት በታች ባሉት ላይ ፉክክሩ አለ። ቋሚ አሰላለፍ በልምምድ መገኘትና በጥረት ይወሰናል፣ ልምምድ የሚያቋርጥ ልጅ ጨዋታውን ቤንች ሆኖ ይጀምራል። ግማሽ ጨዋታውን ግን አይነጠቅም። አሰልጣኙም በክረምት ውድድር ውጤት አይገመገምም፣ ይህን ኮሚቴው በጽሑፍ ሰጥቶታል። እኔ ከሁሉም ይበልጥ ትልቁ ለውጥ ይህ ይመስለኛል። ሰውዬው ወረቀቱን ሲቀበል እፎይ ማለቱ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ሴቶቹ ለብቻቸው ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። እስካሁን ከወንዶቹ የተረፈውን ደቂቃ ነው የሚያገኙት፣ ይህም ብዙ ጊዜ ምንም ማለት ነው። ከዱራሜ ተነስታ ስዊድንና ማልታ ድረስ ሄዳ የተጫወተችውን ሎዛ አበራን ስም እየጠሩ ነው የሚሮጡት። በትርፍ ደቂቃ ሎዛ አትገኝም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ትልቁ ወጪ ሜዳ ነው። በሳምንት ሁለት ተጨማሪ ሰዓት፣ ለ48 ሳምንት፣ 144,000 ብር። ቀጥሎ ለሁለተኛ አሰልጣኝ በወር 8,000 ብር አበል፣ በዓመት 96,000። ሁለት ቡድን ጎን ለጎን ለማጫወት ሁለት አሰልጣኝ የግድ ነው። ለኳሶች፣ ለሚነቀሉ ትንንሽ ጎሎችና ለቡድን መለያ ሰደርያ 60,000። ከሩቅ ለሚመጡት ልጆች የታክሲ ድጎማ 36,000። ለመጀመሪያ ሕክምና ዕቃና ለተጎዳ ልጅ ምርመራ 14,000። ድምሩ 350,000 ነው። ለኮሚቴ አበል የሚባል ነገር የለም፣ ቡናችንንም በኪሳችን ነው የምንጠጣው።

60 ሰዎች በወር 500 ብር ቢያዋጡ ዓመቱ ይሞላል፣ ትንሽም ይተርፋል። 500 የሚከብደው 100 ይስጥ። ተሰብስበው በአንድ ስም የሚሰጡ የድሮ የክፍል ጓደኞችም አሉ፣ ያም ይሆናል። ገንዘቡ የሚገባው በወላጆች ኮሚቴ በተከፈተና ያለ ሦስት ሰው ፊርማ በማይንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ነው። ቁጥሩን ከምታውቁት የኮሚቴ አባል በቃል ተቀበሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞር ቁጥር ካያችሁ የእኛ አይደለም። በየወሩ መጨረሻ የገቢና ወጪ ሂሳቡን ከደቂቃ ደብተሩ ፎቶ ጋር ለሰጡት ሁሉ እንልካለን።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ሌላም ነገር እንለምናችኋለን። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በሚያዘጋጀው ዓመታዊ ውድድር ላይ ብዙዎቻችሁ ትገናኛላችሁ። ልጆቻችሁ እግራቸው አድጎ የጠበባቸውን ታኬታ እዚያ ሰብስቡልን። ከ34 እስከ 42 ቁጥር ያለው ሁሉ እግር አያጣም። ያገለገለ ይሁን፣ ግድ የለም፣ ብቻ ሶሉ ያልተላቀቀ ይሁን። ለእረፍት የሚመጣ ሰው ሻንጣው ውስጥ ሁለት ሁለት ጥንድ ይዞ ቢመጣ የጉምሩክ ጣጣም አይኖርም።

የሜዳውን ውል የምናድሰው በመስከረም መጀመሪያ ነው። ተከራይ ብዙ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ኪራይ፣ 36,000 ብር፣ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ እጃችን መግባት አለበት። የአሰልጣኝነት ፈቃድ ያለው፣ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆነ የሰፈር ልጅ ካለ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሜዳው ላይ ነን፤ ብቅ ይበል።