ከሀዲዱ በፊት ጋራዡን እዩ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን አንባቢዎቻችሁ ስለ አሮጌው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ሀዲድ የጻፏቸውን ደብዳቤዎች አነበብኩ። አንዱ «ዝገት ነው፣ ይነሳና ቦታው ይልማ» ይላል። አንዷ ደግሞ «ቅርስ ነው፣ አትንኩት» ትላለች። እኔ ላስታርቃቸው አይደለም የምጽፈው። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲያትል ነው። እዚህ ከተማ፣ በባሕሩ ዳርቻ የነበረ የትራም ሀዲድ እንዴት እንደተነሳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቻለሁ። ማንም «ይነሳ» ብሎ ሳይወስን ነው የተነሳው። የምነግራችሁ ይሄን ነው።

በመጀመሪያ ማንነቴን ልናገር። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ወርክሾፑ ውስጥ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ቤታችን የሚተኛውም የሚነሳውም በባቡር ጡሩምባ ነበር። ሲያትል መጥቼ ለዓመታት ታክሲ ነዳሁ። ጀልባዎቹ ከሚያራግፉበት ከፒየር 52 ፊት ለፊት ተሰልፈን ተሳፋሪ እንጠብቅ ነበር። በዚያ ሰልፍ ላይ እያለሁ ነው አረንጓዴና ቢጫ የተቀባ አሮጌ ትራም ደወሉን እየደወለ በአጠገቤ ያለፈው። ከታክሲው ወርጄ ቆሜ አየሁት። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጥሩምባውን እስኪለቅብኝ ድረስ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ጎዳና ዛሬ አላስካን ዌይ ይባላል። እስከ 1936 ድረስ ስሙ ሬልሮድ አቬኑ ነበር፤ የባቡር ጎዳና እንደማለት ነው። ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣም። ባሕሩ ላይ በተተከለ የእንጨት ምሰሶ የተሠራ ጎዳና ነበር። የባቡር ኩባንያዎች ሀዲዳቸውን ጎን ለጎን ዘርግተውበት፣ ሰው ወደ መርከቡ ለመድረስ በፉርጎዎች መካከል እየተሹለከለከ ነበር የሚያልፈው። የከተማው ሰው ከባሕሩ ጋር የተቆራረጠው ያኔ ነው። ስለዚህ «ሀዲድ ይነሳ» የሚለው ክርክር እዚህ አገር ትናንት የመጣ አይደለም።

የጭነቱ ሥራ ሲቀዘቅዝ ጆርጅ ቤንሰን የሚባል የከተማው ምክር ቤት አባል አንድ ሐሳብ አመጣ። ሰውየው መድኃኒት ቤት የነበረው ፋርማሲስት ነው። «ሀዲዱ እዚሁ አለ። ለምን ትራም አናስኬድበትም?» አለ። ትራሞቹን ከአውስትራሊያ ከሜልበርን አስመጡ፤ በ1920ዎቹ የተሠሩ ናቸው። ግንቦት 29 ቀን 1982 ሥራ ጀመረ። በ1990 ደግሞ መስመሩ ረዘመና ቻይናታውን ጃክሰን ጎዳና ድረስ ደረሰ። ከዚያ ሽቅብ ጥቂት ከወጣህ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ታገኛለህ። እኔም አንዳንድ ቅዳሜ ታክሲውን አቁሜ፣ ልጆቼን ይዤ እሳፈር ነበር። ውስጡ እንጨት ነው። መቀመጫው፣ የመስኮቱ ክፈፍ፣ ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ አባቴን ያስታውሰኛል። ሚስቴ «ስንት ጊዜ አንድ ቦታ ደርሰህ ትመለሳለህ?» ትለኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትራሞቹ የሚያድሩበትና የሚጠገኑበት አንድ ጋራዥ ነበራቸው፤ በሰሜኑ ጫፍ፣ ብሮድ ጎዳና አጠገብ። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ባለ ቆርቆሮ ሼድ በሉት። ከጎኑ ያለው የድሮ የነዳጅ ዴፖ ቦታ ለሲያትል የሥነ ጥበብ ሙዚየም የቅርጻ ቅርጽ ፓርክ ተሰጠ። ኦሊምፒክ የቅርጻ ቅርጽ ፓርክ ይባላል፤ ወደ 9 ኤከር (3.6 ሔክታር ገደማ) ነው። ጋራዡ ከፓርኩ ጋር አልሄደም። በ2005 መጨረሻ ትራሙ ቆመ፣ ጋራዡም ፈረሰ። ፓርኩ በ2007 መጀመሪያ ተከፈተ።

ልብ በሉ። «ትራሙ ይጥፋ» ያለ ሰው የለም። «ለጊዜው ነው» ነበር የተባለው። ፓዮኒር ስኩዌር አካባቢ ሌላ ጋራዥ ሊሠራለት ታስቦም ነበር፤ አልሆነም። ትራም ደግሞ ማደሪያና መጠገኛ ከሌለው አንድ ቀን አያድርም። የሚገርመው፣ ያው ፓርክ የጭነት ባቡሩን ሀዲድ አልነካም። መንገዱን እንደ ድልድይ አንስቶ በላዩ አለፈ። ዛሬም ፓርኩ ላይ ቆመህ የጭነት ባቡር ከእግርህ ሥር ሲያልፍ ታያለህ። ጠንካራ ባለቤት ያለው ሀዲድ በክብር ተቀመጠ፤ የከተማው ሀዲድ ግን ጋራዡን ተነጠቀ።

በትራሙ ፋንታ 99 ቁጥር አውቶቡስ መጣ። አውቶቡሶቹን ትራም አስመስለው ቀቧቸው። እኛ ታክሲ ተራ ላይ ስንት ሳቅን! ጓደኛዬ «አህያን የሜዳ አህያ አስመስለው ቀቡት» አለ። ቆይቶ 99 ቁጥርም ቀረ።

ሀዲዱ ግን እዚያው አስፋልቱ ውስጥ ተኝቶ ቆየ። ጣቢያዎቹም ተሳፋሪ እንደሚመጣ ሁሉ ቆመው ነበር። ያኔ ነው ክርክሩ የጦፈው። ከላያቸው ቫያዳክት የሚሉት ባለ ሁለት ፎቅ የመኪና ድልድይ ነበር፤ በ1953 የተከፈተ ነው። በየካቲት 2001 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል። «ይፍረስ፣ መኪናው በዋሻ ይሂድ፣ ባሕር ዳሩ ለሰው ይለቀቅ» ተባለ። ታዲያ ባሕር ዳሩ ለሰው ሲለቀቅ ትራሙ ይመለስ ወይስ ሀዲዱ ይነሳ?

እኛ ሐበሾቹም ቡና ቤት ቁጭ ብለን እንጨቃጨቅ ነበር። አንዱ ወዳጄ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ «አቦ ተወን፣ የቱሪስት መጫወቻ ነው» ይለኛል። («አቦ»ን ከእኔ ነው የለመደው።) «ለሬኒየር አቬኑ አውቶቡስ ቢጨምሩልን አይሻልም?» እውነት አለው። በትራሙ ሥራ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነበር። ብስክሌት ነጂዎችም ጎማቸው ሀዲዱ ውስጥ እየገባ ይወድቁ ስለነበር ያማርራሉ። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ፣ ወደ 80 የሚጠጉ አሜሪካዊት እናት፣ «ያ ትራም ሲቆም እኔ ባሕር ማየት አቆምኩ» አለችኝ። ጉልበቷ ያን ሁሉ አያስኬዳትም። ይሄም እውነት ነው። እኔ ራሴ በየሳምንቱ ሐሳቤን እቀይር ነበር።

በመጨረሻ ክርክሩን ማንም አላሸነፈም። ባሕሩን ከጎዳናው የሚለየው ግንብ እድሳት መጣ፣ መንገዱ ተቆፈረ፣ ሀዲዱም ጣቢያዎቹም ከሌላው ፍርስራሽ ጋር ተነሱ። ቫያዳክቱ በጥር 2019 ተዘጋና ፈረሰ። ዋሻው በየካቲት ተከፈተ። ዋሻውን የሚቆፍረው ማሽን መሐል ላይ ተበላሽቶ ሁለት ዓመት እንደቆመ ላስታውሳችሁ፤ የሰለጠነ አገርም ፕሮጀክት ያዘገያል። ከአምስቱ ትራሞች ሦስቱ ሴንት ሉዊስ ለሚባል፣ ከዚህ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ለሚርቅ ከተማ ተሸጡ። ይሄ ያመኛል።

ባሕር ዳሩስ? ላድበሰብስ አልፈልግም፤ ያምራል። ከፓይክ ገበያ ቁልቁል ወደ ባሕሩ የሚያወርደው ሰፊ መተላለፊያ በ2024 ተከፍቷል። ዛፍ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ወጪው ቀላል አልነበረም። አካባቢው ያሉ የንብረት ባለቤቶች ብቻ 160 ሚሊዮን ዶላር እንዲያዋጡ ተደርጓል፤ «ንብረታችሁ ዋጋው ይጨምራል» በሚል። እሁድ እሁድ ከባለቤቴ ጋር እዚያ ነው የምንሄደው። ጎረቤቴን ግን አይቻት አላውቅም።

አሁን የእናንተን አንባቢዎች ልመልስ። «ይነሳ» ላለው ወንድሜ፣ እዚሁ ሐይቅ ማዶ ያለች ኪርክላንድ የምትባል ከተማን ልንገረው። በ2012 በመሐሏ የሚያልፈውን፣ ወደ 9 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባቡር መስመር በ5 ሚሊዮን ዶላር ገዛች። በማግስቱ ጭቅጭቅ ተነሳ። ባቡር ወዳዶቹ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዱ፤ ተረቱ። በ2013 ሀዲዱ ተነሳ፤ አሁን የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው፤ ሰው ይተራመስበታል። ነገር ግን እዚህ አገር አንድ ሕግ አለ። መስመሩ በዚህ ሕግ ከተያዘ፣ ሀዲዱን ብታነሳም መስመሩን አትቆራርጥም፣ ባቡር እንዳይመለስ የሚያግድ ሕንፃም አትሠራበትም። ነገ ባቡር ያስፈልጋል ከተባለ ሊመለስ ይችላል። ብረቱ ይሄዳል፣ መስመሩ ይኖራል። ብረት ምን ጊዜም ይገዛል። ከተማን አቋርጦ የሚሄድ አንድ ወጥ ቀጭን መሬት ግን አንዴ ከተቸበቸበ በምን ገንዘብ መልሰህ ትገዛዋለህ? የስንት ሰው ቤት ይፈርሳል? ወንድሜ፣ ይነሳ ካልክ ይሄንንም ጨምርበት።

«አትንኩት» ላለችው እህቴ ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ። ሁላችሁም ዓይናችሁ ያለው ለገሃር ላይ ነው። በ2018 ቦታው ላይ 36 ሔክታር የሚሸፍን መንደር ይገነባል ሲባል፣ የጣቢያው ሕንፃ እንደሚጠበቅ ተነግሯል። በ1929 የተሠራ ነውና መጠበቁ ደግ ነው። ግን ሕንፃ ፎቶ ይነሳበታል እንጂ ባቡር አያስኬድም። ባቡር የሚያስኬደው ወርክሾፕ ነው። ድሬዳዋ ያለውን ወርክሾፕ ሄዳችሁ እዩት። ብረት መላጊያው፣ ማቅለጫው፣ የድሮዎቹ ማሽኖች አሁንም አሉ። አባቴ «እዚህ የማይሠራ ነገር የለም» ይል ነበር፤ ትንሽ ያጋንናል፣ ብዙም ግን አይደለም። መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

ይሄ ለምን ቁም ነገር እንደሆነ ላስረዳ። የአሮጌው ሀዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር የሚሄድበት 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ አዲሱ ባቡር ለአሮጌው አንዲት ጎማ እንኳ ሊያበድረው አይችልም። ነገ አንድ ከንቲባ ተነስቶ እንደዚያ ፋርማሲስት «ለምን ለጎብኚ አጭር መስመር አናስኬድም?» ቢል፣ መልሱ ያለው ድሬ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ማሽኖቹና ማሽኖቹን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ካሉ ይቻላል። ከሌሉ መቶ ኪሎ ሜትር ሀዲድ ብታስቀምጡም ልብስ ማስጫ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እየቀነሱ ነው።

እና እህቴ፣ የምትከራከሪ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቂው ስለ ሀዲዱ አይሁን። «ጋራዡን ለማን ሰጣችሁት? ስንት ዓመት? በወረቀት ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። «ለጊዜው ነው» ካሉሽ ቀኑን አስጽፊያቸው። እኛ እዚህ ያንን አልጠየቅንም። እኔም አልጠየቅሁም። ሼዱ ሲፈርስ አጥሩ ጋ ቆሜ ቡና እየጠጣሁ አይቻለሁ፤ «ቆርቆሮ ነው፣ ሌላ ይሠሩለታል» ብዬ ወደ ታክሲዬ ተመለስኩ።

ጥቅምት ላይ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ድሬ እመጣለሁ። ከሠርጉ በፊት ወርክሾፑ በር ላይ ሄጄ ዘበኛውን እለምናለሁ። ካስገባኝ ያየሁትን እጽፍላችኋለሁ፤ ካላስገባኝም እጽፋለሁ።

የምድር ባቡር ልጅ፣ ከሲያትል