የሐምሌ ጅማና የሰመራ «ክፍል ሙቀት» አንድ አይደለም፦ ለትምህርት ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የፕሮቲን ሙከራ በመመረቂያ ጽሑፍ የሚገለጽበትን ዝቅተኛ መስፈርት ይመለከታል

ጅማ ውስጥ ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ይህን የምጽፈው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ልፋት ሜዳ ላይ እየቀረ ስለሆነ ነው።

የፕሮቲንን ሥራ የሚወስነው ቅርጹ ነው ብለን እናስተምራለን። ለብዙዎቹ ልክ ነው። ቋሚ ቅርጽ ሳይኖራቸው ሥራቸውን የሚሠሩም ግን ሞልተዋል። ከፓርኪንሰን ሕመም ጋር ስሙ የሚነሳው አልፋ ሲኑክሊን 140 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶች) አሉት። ውሃ ውስጥ ብቻውን ሲሆን እንዳሻው ይወዛወዛል። የሴል ሽፋን ላይ ሲለጠፍ ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ተጠምዝዞ ቅርጽ ይይዛል። ስለዚህ «ቅርጽ የለውም» ማለት ብቻውን አይበቃም። በምን ውስጥ? በስንት ዲግሪ?

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ወባን ጅማ ላይ ማን ያጣዋል? የፋልሲፓረም ወባ ተሕዋስ ላዩ ላይ የሚይዘው ኤምኤስፒ2 ከእነዚሁ ፕሮቲኖች አንዱ ነው፤ ለክትባትም ሲጠና ቆይቷል። 3ዲ7 እና ኤፍሲ27 የሚባሉ ሁለት ዋና ዓይነቶች አሉት። የትኛው ላይ እንደሠራ ያልጻፈ ተማሪ ለቀጣዩ ተመራማሪ ምንም አላቆየለትም።

አሁን ፊቴ ያለ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ «ናሙናው በተስማሚ ቡፈር፣ በክፍል ሙቀት ተለካ» ይላል። የቡፈሩ፣ ማለትም ፕሮቲኑ የሟሟበት ፈሳሽ፣ ፒኤች (የአሲድነት ልክ) የለም። የጨው መጠኑ የለም። ፕሮቲኑን ለማጣራት የተቀጠለው የሂስቲዲን ጭራ ይቆረጥ አይቆረጥ አይታወቅም። መለኪያው የፕሮቲንን ቅርጽ በብርሃን የሚገምተው ሰርኩላር ዳይክሮይዝም ነው፤ እሱ የሚሰጠው የጠቅላላውን ፕሮቲን አማካይ ብቻ ነው። ድምዳሜው ግን የትኛው ቁራጭ እንደሚወዛወዝ ለይቶ ይናገራል። ያን ለማለት እንደ ኤንኤምአር ያለ፣ አሚኖ አሲዶቹን አንድ በአንድ የሚለይ ዘዴ ያስፈልግ ነበር። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ይህን ጻፍ የሚለው መመሪያ ስለሌለ ነው።

መስፈርቱን እኛ መፍጠር አይጠበቅብንም። የዘርፉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ቋሚ ቅርጽ በሌላቸው ፕሮቲኖች ላይ የሚሠራ ሙከራ እንዴት እንደሚገለጽ የሚናገር፣ ሚያዴ (MIADE) የተባለ መመሪያ አውጥተዋል። ፕሮቲኑ ከየትኛው ፍጥረት እንደመጣ፣ የተጠናው ቁራጭ ከስንተኛው እስከ ስንተኛው አሚኖ አሲድ እንደሆነ፣ ምን እንደተቀየረበት፣ በምን ሁኔታና በምን ዘዴ እንደተለካ ይጻፍ ነው የሚለው። እነዚህን ፕሮቲኖች የሚሰበስበው ዲስፕሮት (DisProt) የተባለው የመረጃ ቋት ጽሑፎችን በሰው እያስነበበ ነው የሚመዘግበው። ያልተጻፈውን መዝጋቢው ከየት ያምጣው?

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ በድኅረ ምረቃ የጽሑፍ መመሪያው ላይ ይህን የሚያስሞላ አንድ ገጽ ቅጽ ይጨምር። አማካሪውም ሳይፈርምበት ጽሑፉ ለፈተና አይቅረብ። ኬሚካል ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ እንይዛለን፤ ይህ ግን ከወረቀት ሌላ ወጪ የለውም። ረቂቁን አዘጋጅቼ ለመላክ ዝግጁ ነኝ። ለየትኛው ክፍል እንደምልከው ብቻ ይነገረኝ።

ከአክብሮት ጋር
የባዮኬሚስትሪ መምህር፣ ጅማ