«ፒንግ ሄዷል» ብሎ ቪፒኤን መረከብ ይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ጎንደር

ክቡር አዘጋጅ፣

ቢሮው ፒያሳ፣ መጋዘኑ አዘዞ፣ ቅርንጫፉ ደባርቅ የሆነ ድርጅት በከተማችን ብዙ ነው። የሒሳብና የስቶክ ፕሮግራሙ ያለው ዋናው ቢሮ ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ቅርንጫፉ እንዲደርስበት ሲባል ራውተሩ ላይ 3389 ፖርት ለኢንተርኔት ይከፈታል። ይህ የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ በር ነው። ክፍት ፖርት የሚያስሱ ማሽኖች ሌት ተቀን ስለሚዞሩ ወዲያው ያገኙትና የይለፍ ቃል እየገመቱ ይደበድቡታል፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ነው። መፍትሔው የዋናውን ቢሮና የቅርንጫፉን (ለምሳሌ የአዘዞውን) ራውተር በሳይት ቱ ሳይት ቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር፣ ማገናኘት ነው። ችግሩ፣ ሥራው አንድ ፒንግ (ወዲያኛው ወገን መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚሞክር ትንሽ መልእክት) ታይቶ «አልቋል» መባሉ ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የውስጥ አድራሻው ነው። ብዙ ራውተር ከፋብሪካ ሲመጣ 192.168.1.0/24 የሚለውን የአድራሻ ክልል ይዞ ስለሚመጣ ሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ያኔ የአዘዞው ኮምፒውተር ሰርቨሩን እዚያው ግቢው ውስጥ ይፈልገዋል እንጂ ወደ ቪፒኤኑ አይልከውም። ቅርንጫፉን ለምሳሌ ወደ 192.168.20.0/24 መቀየር ያስፈልጋል፤ አይፒያቸው (አድራሻቸው) በእጅ የተሞላ ፕሪንተሮችና ካሜራዎችም አብረው ይቀየራሉ።

ቢያንስ አንዱ ወገን ቋሚ ፐብሊክ አይፒ፣ ማለትም ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ፣ ይኑረው። ራውተሩ በኢንተርኔት በኩል የያዘው አይፒ በ10 ወይም በ192.168 ከጀመረ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ፐብሊክ አይደለም፤ ግንኙነቱን መጀመር ያለበት ይህ ፐብሊክ አይፒ የሌለው ወገን ነው። ቋሚው ወገን ላይ ዩዲፒ 500 እና 4500 የሚባሉት የቪፒኤኑ ፖርቶች ይከፈታሉ።

ራውተሩ ላይ የሚመረጠው ምስጠራ አይክ ቨርዥን 2፣ ኤኢኤስ 256፣ ሻ 256፣ ዲፊ ሄልማን ግሩፕ 14 ይሁን፤ ሁለቱም ራውተር ላይ አንድ ሳይዛነፍ። ትሪፕል ዴስ፣ ኤምዲ5 እና ግሩፕ 2 የሚባሉት የድሮ ምርጫዎች ጊዜያቸው አልፏል። ሁለቱ ራውተሮች የሚተዋወቁበት የጋራ ቁልፍ የድርጅቱ ስምና ዓመተ ምሕረት መሆን የለበትም፤ በዘፈቀደ የተፈጠረ 32 ፊደልና ቁጥር ይሁን።

ባለሙያን ብዙ ሰዓት የሚያስፈጀው ናት፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን የውስጥ አድራሻ የሚለውጠው የራውተሩ ሥራ፣ ነው። ቪፒኤኑ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ፕሮግራሙ ግን አይከፈትም። እንዲህ ሲሆን ራውተሩ ላይ ያሉትን የቪፒኤን ቆጣሪዎች ማየት ነው። ከአዘዞ ፒንግ እየተላከ የአዘዞው ራውተር «የተላከ» ቁጥር ዜሮ ላይ ከቆመ፣ ፓኬቱ (የተላከው የመረጃ ጥቅል) ቪፒኤኑ ውስጥ ጭራሽ አልገባም። ናት ከምስጠራው ቀድሞ ስለሚሠራ የላኪውን አድራሻ ይለውጠዋል፣ የተለወጠው አድራሻ ደግሞ ከቪፒኤኑ ፖሊሲ ጋር ስለማይገጥም ወደ ኢንተርኔት ይወጣል። ከ192.168.20.0 ወደ ዋናው ቢሮ የሚሄደውን ናት እንዳይነካው የሚያዝ መስመር ከናቱ ትእዛዝ በላይ መቀመጥ አለበት፤ ከታች ከተቀመጠ ዋጋ የለውም። «የተላከ» እየጨመረ «የተቀበለ» ዜሮ ከሆነ ግን ወደ ወዲያኛው ራውተር መሄድ ነው፤ ያው ናት ወይም ፋየርዎሉ (የራውተሩ ማጣሪያ) እዚያ ይዞታል። ማይክሮቲክ በሚባለው ራውተር ላይ ፋስትትራክ የሚባለው፣ ፓኬትን በአቋራጭ የሚያሳልፈው ትእዛዝም የቪፒኤኑን ትራፊክ እንዳይነካ መደረግ አለበት።

ፒንግ ሄዶ ትልቅ ሪፖርት ሲከፈት የሚንጠለጠለው ምስጠራው በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ከ60 እስከ 80 ባይት ገደማ ስለሚጨምርና ትልቁ ፓኬት መስመሩ ከሚያሳልፈው መጠን ስለሚበልጥ ነው። ተራው የዊንዶውስ ፒንግ 32 ባይት ብቻ ስለሚልክ ይህን አያሳይም። የቲሲፒ ኤምኤስኤስን (አንድ ፓኬት የሚይዘውን የመረጃ ጣሪያ) 1360 ላይ መገደብ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። መፈተኛው ፓኬቱ እንዳይቆራረስ አዝዞ 1372 ባይት ፒንግ መላክ ነው፤ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመርበት 1400 ይሆናል።

ከዚያ የመብራት መቆራረጥ አለ። የአዘዞው ራውተር ጠፍቶ ሲነሳ የፒያሳው ያለፈውን ግንኙነት ጊዜያዊ ቁልፍ ይዞ ወደ ሌለ ግንኙነት ሲልክ ሊቆይ ይችላል። በየ30 ሰከንዱ «አለህ?» የሚለው ዲፒዲ በሁለቱም በኩል ከበራ ይህ ሰዓታት መሆኑ ቀርቶ በደቂቃዎች ያበቃል። በጋራ ቁልፍ ፈንታ በሰርተፊኬት (የሚሠራበት ቀን በተወሰነለት ዲጂታል መታወቂያ) የሚሠራ ቪፒኤን ከሆነ ሰዓቱም ይታሰብበት፤ ባትሪ የሌለው ራውተር ቀኑን ረስቶ ስለሚነሳ ሰርተፊኬቱን ውድቅ ያደርገዋል። ሰዓትን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለው ኤንቲፒ ይሞላለት።

ስለዚህ የድርጅት ባለቤቶች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ባለሙያው ፊታቸው 100 ሜጋባይት ፋይል ከቅርንጫፍ ወደ ዋናው ቢሮ ያሳልፍ፤ የቅርንጫፉን ራውተር ሶኬት ነቅሎ ይመልስና ማንም ሳይነካው ቪፒኤኑ መነሳቱን ያሳይ። የሁለቱን ራውተሮች ባክአፕ፣ የአድራሻዎቹን ዝርዝርና ቁልፉን በወረቀት ታሽጎ ያስረክብ። በመጨረሻም 3389 ይዘጋ፤ መዘጋቱም ከቢሮው ዋይፋይ ወጥቶ በሞባይል ዳታ ይሞከር፤ ከውስጥ ሆኖ መሞከር አያሳይም።

ከአክብሮት ጋር
የኔትወርክ ባለሙያ፣ ከጎንደር