ሳይለሰን ተናገር

ማሙዬ፣ እንዴት ነህ ልጄ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ናት፤ እኔ እየተናገርኩ እሷ ስልኳ ላይ ትጽፋለች፣ በቴሌግራም ትልክልሃለች። ልደውልልህ ነበር። ግን በስልክ ስናወራ ወይ እኔ እጮሃለሁ፣ ወይ አንተ ኔትወርክ ይጠፋብሃል።

የአክስትህ ልጅ ነገረኝ። እሱን እንዳትቀየመው፣ አስጨንቄ ጠይቄው ነው። ሐሙስ የኮንክሪቱ ማቀፊያ፣ ካሳፎርማው፣ ሲፈታ የአንዱ ኮለን፣ የአንዱ ምሰሶ እግር ሃኒኮም፣ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ አለኝ። ጠጠሩ ተራቁቶ፣ ውስጡ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ እየታየ። አንተም ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ በመጪው ማክሰኞ ሳይመጣ ይለሰን ብለሃል። ይሄ ሳያንስ፣ ከተጠየቅን ጥፋቱ ቫይብሬተር፣ ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀውን መሣሪያ፣ የያዘው ልጅ ነው እንላለን ብለሃል። ልጁ እኮ ቫይብሬተሩ ነዳጅ ጨርሷል ብሎ ነግሮህ ነበር! «ይመሻል፣ በፌሮ ወጋ ወጋ አድርገው» ያልከው አንተ ነህ።

ሳይለሰን ተናገር። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ጊዜ አለህ።

አንተ ዲግሪ አለህ፣ እኔ የለኝም። ግን ሠላሳ ዓመት ሲሚንቶ አቡክቼ ነው ያስተማርኩህና ስማኝ። መጀመሪያ በመዶሻ ቀስ ብለህ አንኳኳው፤ ድምፁ ከደነዘዘ ውስጡ ክፍት ነው። የላላውን በሙሉ ጤነኛው እስኪገኝ አስፈልፍለው። ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ በወጉ ይጠገናል። ከፌሮው ጀርባ ካለፈ ግን አንተ ብቻህን የምትወስነው ነገር አይደለም፣ ምናልባትም ይፈርሳል። ይፍረስ። ኮለን ነው እንጂ አጥር አይደለም፤ ልስን ደግሞ ፎቅ አይሸከምም።

ማታ በጣም ተናድጄብህ ነው የተኛሁት። ሌሊት ነቅቼ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሮቶው የፈሰሰ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ቱሉ ዲምቱ ገና እንደገባን ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ ሳይሠራ። ውሃ በሳምንት አንድ ሌሊት ብትመጣ ነው። የአቃቂ ጉድጓዶች እዚሁ አጠገባችን ሆነው ውሃው ወደ መሃል ከተማ ይሄዳል፣ እኛ ከአህያ ጋሪ ጀሪካን እንገዛለን። ማታ እግርህን ታጥበህ ቧንቧውን ሳትዘጋው ተኛህ። ጠዋት ስንነሳ ሮቶው ባዶ፣ ግቢው ጭቃ። አንተ ስምንት ዓመትህ ነበር። በባዶ እግርህ ጭቃው ውስጥ ቆመህ፣ ማንም ሳይጠይቅህ፣ «አባዬ፣ ያልዘጋሁት እኔ ነኝ» አልከኝ።

እኔ ደግሞ ቀበቶዬን ፈታሁ።

ከዚያ በኋላ «እኔ ነኝ» ስትል ሰምቼህ አላውቅም። የሬዲዮኑ አንቴና ሲሰበር «ድመቷ ናት» አልክ። ድመት አልነበረንም። (እህትህ እዚህ ጋ እየሳቀች ነው።) ያኔ እኔም ሳቅኩና አለፍኩት። አየህ፣ እውነት ስትናገር ተገረፍክ፣ ስትዋሽ ተሳቀልህ። እንግዲህ ከዚህ ምን ትማር ኖሯል? እኔንም አባቴ እንደዚያው ነው ያሳደገኝ፤ እሱን ግን ሰበብ አላደርገውም።

ሰበብ ማድረግ የማውቅ ሰው ነኝ ስልህ ደግሞ በባዶ አይደለም። ይሄን እናትህም አታውቀውም። በለገጣፎ በኩል የአንድ ሰውዬ ቤት ፎርማን ሆኜ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ወለሉን፣ ሞላን። አዲስ ኮንክሪት ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት እንዳለበት ለአንተ አልነግርህም። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ነበረብኝ። ውሃ የሚያጠጣው የቀን ሠራተኛ፣ ልጅ እግር ነው፣ ሮጦ መጥቶ «ጋሼ፣ በርሜሉ አልቋል፣ ቦቴ ይጠራ?» አለኝ። «ስመለስ» አልኩት። ሁለት ቀን ቆየሁ። የጥር ፀሐይ ነው። ስመለስ ሶሌታው እንደ መረሬ መሬት ተሰነጣጥቋል። ባለቤቱ መጣና «ማነው?» አለ። እጄ በራሱ ነው ወደ ልጁ የሄደው ልበልህ? አይደለም። እኔ ነኝ የጠቆምኩት።

ልጁ አልተከራከረም። አየኝ ብቻ። ጋቢውን ከአጥሩ ላይ አንስቶ፣ የአራት ቀን ሒሳቡን ሳይቀበል ሄደ። በሳምንቱ የቀን ሠራተኞች የሚቆሙበት ሄጄ ፈለግኩት፣ በማግስቱም ሄድኩ። አላገኘሁትም። ልጁ አሁን የአርባ ዓመት ሰው ይሆናል። እስካሁን በዚያ መንገድ ሳልፍ ቆሜ የሰው ፊት አያለሁ።

ስለዚህ ሳይለሰን ተናገር ስልህ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም።

ባለፈው እሑድ የእህትህ ልጅ ሲኒ ሰበረች። ያንን እናትህ የምትሳሳለትን። ስብርባሪውን በሁለት እጇ ይዛ መጣችና «አባባ፣ ሰበርኩት» አለች። እጄ ትንሽ ተነሳ፣ አልዋሽህም። ከዚያ ጣቷን አየሁ፣ አልደማም። «ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ፣ ነይ አብረን እንጥረግ» አልኳት። መጥረጊያው ከቁመቷ ይበልጣል፣ ግን ጠረገች። ቀጥሎ ትሪውን በአንድ እጅ ሳይሆን በሁለት እጅ ይዛ ስትመጣ አየኋት። እናትህ «ለልጆቼ እንዲህ ብትሆን» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እውነቷን ነው፣ መልስ አልነበረኝም።

አሁን የምልህን አድርግ። ኮለኑን ፎቶ አንሳው፣ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቅ። ማክሰኞን አትጠብቅ፣ ለአማካሪው ዛሬውኑ ደውልለት። ሲመጣም ራስህ ይዘኸው ሂድና፣ ያ ልጅ እዚያው ቆሞ እየሰማ፣ «ቀጥሉ ያልኩት እኔ ነኝ» በል። ልጁ በሌለበት ብትናገር ግማሹ ነው። የቫይብሬተር ነዳጅም ከሙሌት በፊት በዓይንህ እይ፣ «አለ» ሲሉህ አትመን። ሊያባርሩህ ይችላሉ። ካባረሩህ ና፣ ክፍልህ እንዳለ ነው፤ እናትህ ሽንኩርት አስቀምጣበታለች እንጂ። ልጅን ሲወዱት ከነንፍጡ ነው።

ጨጓራህን አትርሳ፣ በባዶ ሆድ ቡና አትጠጣ። የሴፍቲ ጫማህ ተቀዷል አሉኝ፣ ሚስማር ሳይወጋህ ቀይር፤ ብር ካነሰህ ለእህትህ ንገራት፣ ለእኔ ካፈርክ።

ማሙዬ፣ የሮቶውን ጊዜ ይቅር በለኝ። በስልክ ልለው ስል አልወጣልህ ብሎኝ ነው።

በል እንግዲህ፣ ቧንቧው መንፋት ጀመረ፣ ውሃ ልትመጣ ነው። ሄጄ ሮቶውን ልክፈት። ለአማካሪው እንደነገርከው ደውልልኝ፣ አልጮህም።

አባትህ