ውሃ አሳላፊ ኮንክሪት በጥንካሬው ብቻ አይመዘን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ውሃ አሳላፊ ኮንክሪት ለመንገድ ይበጃል ወይስ አይበጅም በሚለው ክርክር ደጋፊዎቹም ተቃዋሚዎቹም አስቀድመው የሚጠቅሱት የግፊት ጥንካሬውን፣ ማለትም ሳይሰበር የሚሸከመውን ጫና ነው። በእኔ አስተያየት ይህን ቁሳቁስ በዚያ ቁጥር ብቻ ተቀብሎ መረከብ ከተሠራበት ዓላማ ጋር ይጋጫል።

ኮንክሪቱ ውሃ የሚያሳልፈው አሸዋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ስለሚቀርበት ነው። መጠኑ ተቀራራቢ የሆነ ጠጠር ስስ የሲሚንቶ ሊጥ ይለብስና በሚነካካበት ቦታ ብቻ ይጣበቃል፤ በመካከሉ የሚቀረው እርስ በርሱ የተያያዘ ክፍተት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላው ይዘት ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው፣ የውሃው መተላለፊያ ነው። ጥንካሬውን የሚቀንሰውም ይኸው ክፍተት ነው። ስለዚህ የግፊት ጥንካሬው ሜጋ ፓስካል በተባለው የግፊት መለኪያ ከ3 እስከ 28 ድረስ ይለያያል፤ 17 አካባቢ የተለመደ ነው።

የማሳለፍ አቅሙ ግን ብዙዎች ከሚገምቱት ይበልጣል። በደንብ የተሠራ አዲስ ንጣፍ በአንድ ካሬ ሜትር በደቂቃ ከ120 እስከ 320 ሊትር ያሳልፋል፤ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር የሚጥል ከባድ ዝናብ በዚያው ስፋት ላይ የሚያወርደው በደቂቃ ከ2 ሊትር ያነሰ ነው። ይህ ሰፊ ትርፍ አቅም ለጥንካሬ ሲባል ያለ ስስት የሚቀነስ አይደለም፤ አቧራና አፈር ክፍተቱን ዓመት ከዓመት ሲደፍኑት መጠባበቂያው እርሱ ነውና። ከሥሩ ያለው አፈር ሸክላማ ከሆነ ደግሞ የውሃውን ፍጥነት የሚወስነው አፈሩ ስለሚሆን፣ ውሃ የሚያቆይ ወፍራም የጠጠር መደብና ማስወገጃ ቱቦ ያስፈልጋል።

ጥንካሬን ብቻ የሚያሳድድ ሥራ ተቋራጭ ገጹን በሮለር አብዝቶ ይደፈጥጣል፤ የላይኛው ክፍተት ይዘጋል፣ ናሙናው ፈተናውን ያልፋል፣ ውሃው ግን ላይ ይተኛል። ለሥራ እንዲመች ብሎ ውሃ የሚጨምርም (ይህ ከተለመደው ኮንክሪት የመጣ ክፉ ልማድ ነው) ሊጡ ወደ ታች ወርዶ የንጣፉን ሥር እንዲደፍን ያደርጋል። በተቃራኒው ሊጡ ሲቦካ ውሃ ሲያንሰው፣ ወይም ንጣፉ እንደፈሰሰ ወዲያው በፕላስቲክ ካልተሸፈነ፣ የገጹ ጠጠር በጎማ ሥር ይፈነገላል። ከባድ ተሽከርካሪ ለሚዞርበትና ፍሬን ለሚይዝበት መንገድ ይህን ኮንክሪት የማልመክረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለመኪና ማቆሚያ፣ ለእግረኛ መንገድና ቀላል ትራፊክ ላለው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን ተገቢ ነው።

ስለዚህ የሥራ ውሉ ከጥንካሬው ጎን ገና ያልጠነከረውን ኮንክሪት ጥግግትና የክፍተት መጠን ይጠይቅ። የተጠናቀቀው ገጽም ኤኤስቲኤም ሲ 1701 በተባለው መደበኛ የመለኪያ ዘዴ፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ገጹ ላይ ታሽጎ የተመዘነ ውሃ የሚሰርግበትን ጊዜ በመቁጠር፣ በርክክብ ዕለት ይለካ። ልኬቱ በየዓመቱ በዚያው ቦታ ይደገም፤ አቅሙ ሲወርድ ገጹ በመምጠጫ ማሽን የሚጸዳበት በጀትም ከግንባታው ወጪ ጋር አብሮ ይያዝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣው አንባቢ