መርዶ ላልተነገራቸው ቤተሰቦች፦ ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘምተው ደብዛቸው የጠፋ የብሔራዊ ውትድርና ዘማቾች ስም እንዲሰበሰብ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በከተማችን ዓባይ ዳር ያለው የሰማዕታት መታሰቢያ ሐውልት ደርግን ሲታገሉ ለወደቁት የቆመ ነው፤ ሊቆምላቸውም ይገባል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከእነሱ ክብር ቅንጣት ለመቀነስ አይደለም። የምጽፈው በዚያው ጦርነት፣ ከዚሁ ከጣና ዳር መንደሮች ተወስደው በሌላው ወገን ስለ ተሰለፉትና መሞታቸውን እንኳ እስከ ዛሬ ማንም ስላልነገረን ልጆች ነው።

ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ሕጉ ያዝዝ ነበር። በተግባር ግን ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይመጣል፤ ኮታው ሲጎድል በአፈሳ ይሞላል። ጊዜውን ጨርሶ፣ ተሰናብቶ የመጣ ሰው በእኛ ሰፈር አላየሁም።

ታናሽ ወንድሜ በ1978 ዓ.ም. ከዘጌ ሲወሰድ 19 ዓመቱ ነበር፤ የያዙት ቡና ለቀማ ላይ እንዳለ ነው። ከኤርትራ ሦስት ደብዳቤ ጽፎልናል። የመጨረሻው የተጻፈው በጥር 1980 ከናቅፋ ግንባር ሲሆን፣ ከደብተር በተቀደደ አንድ ሉክ ላይ ወረቀቱ እንዳይባክን ግራና ቀኙ ሳይቀር በደቃቅ ፊደል ተሞልቷል። ለጤናው እግዚአብሔርን አመስግኖ፣ የዘመድ አዝማዱን ስም በየተራ እየጠራ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ ከመሄዱ በፊት ከጓሮ የተከላት ቡና አፍርታ እንደ ሆነ እንድንጽፍለት ይጠይቃል። አፍርታለች ብለን ጻፍን። መልሱ ይድረሰው አይድረሰው አላወቅንም፤ በመጋቢት 1980 በዚያ ግንባር የነበረው የደርግ ጦር፣ ናደው ዕዝ፣ አፍአበት ላይ ተደመሰሰ።

እናቴ በየዓመቱ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትሄድ የነፍስ አባቷ፣ «የልጅሽን ስመ ክርስትና ከሕያዋን ጋር ላንሣው ወይስ ከሙታን?» እያሉ ይጠይቋት ነበር። እሷም «መርዶ ሳይነገረኝማ እንዴት አድርጌ እገድለዋለሁ፣ አባቴ?» ትላቸዋለች። በ2009 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ መልሷ ይኸው ነበር። ፍትሐት አልተፈታለትም፤ ዐርባው አልወጣም፤ ተዝካሩም አልተደገሰም። ለማያውቅ ሰው ይህ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ ሊመስለው ይችላል፤ በእኛ ቤት ግን 29 ዓመት ሙሉ በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንዲት ሴት ከመደቧ ብድግ ማለቷ ነበር።

ጎረቤታችን የነበሩት እናት ደግሞ ልጃቸው ደርግን ከሚታገሉት የኢሕአዴግ ድርጅቶች አንዱ ወደ ነበረው ኢሕዴን ገብታ ነበር። በየካቲት 1983 ኢሕአዴግ በዘመቻ ቴዎድሮስ ጎጃምንና ጎንደርን ከያዘ በኋላ ጓዶቿ መጥተው መርዶውን ተናገሩ፤ ድንኳን ተተከለ። እናቴ ሦስቱንም ቀን ከለቀስተኛው ጋር አመሸች። ያን ለቅሶ ለጎረቤቷ ልጅ ብቻ እንዳላለቀሰችው አውቃለሁ። ሁለቱ እናቶች ከዚያ በኋላም አንድ ረከቦት ዙሪያ ቡና ይጠጡ ነበር፤ በመካከላቸው ጠላትነት የሚባል ነገር አላየሁም። ልዩነታቸው አንዷ ልጇ የት እንደ ወደቀች ማወቋ፣ ሌላዋ አለማወቋ ነበር።

«የደርግ ወታደር መታሰቢያ አያስፈልገውም» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። የደርግ ባለሥልጣናት በፈጸሙት ግፍ በፍርድ ቤት ተከሰው በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብለዋል፤ በቀይ ሽብር የተጨፈጨፉትም አዲስ አበባ ላይ ሙዚየም አላቸው። ሁለቱም ተገቢ ነበሩ። ከቡና ለቀማ ተይዞ የሄደ ልጅ ግን የአገዛዙ ባለቤት አልነበረም፤ አገዛዙ ከእናቱ የነጠቀው ነው። በግንቦት 1983 ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው ሠራዊት ሲበተን፣ የሞተውን ለይቶ ለቤተሰቡ የሚያረዳ አካልም አብሮ ተበተነ። መንግሥት ሲቀየር ባለ ዕዳው ተቀየረ እንጂ ዕዳው አልተሰረዘም።

የምንጠይቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። ቢሮው ከወረዳዎችና ከቀበሌዎች ጋር ሆኖ የዚያን ዘመን የምልመላ መዝገቦች ከየመጋዘኑ እንዲያሰባስብልን እንሻለን። እኔ የወንድሜን ስም ፍለጋ በሄድኩበት አንድ መሥሪያ ቤት መዝገቦቹ ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ውስጥ በማዳበሪያ ጆንያ ታስረው አይቻለሁ፤ ከላይ ያለው ጆንያ ሥር ሥሩ በስብሶ ወረቀቱ እንደ እንጀራ ተጣብቆ ነበር። ሌላ ሁለት ክረምት የሚችል አይመስለኝም። መዝገቡ በጠፋበት ቀበሌ ደግሞ ሰው አለ፤ በ1976 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ የተወሰደ ልጅ ዛሬ ቢኖር 60 ይሞላዋል፤ እናቱ በሕይወት ካለች ሰማንያን ተሻግራለች። በድምፅ መቅጃ ብትጠየቅ የልጇን ስም፣ የተወሰደበትን ቀንና የለበሰውን ልብስ ሳይቀር ትናገራለች። የተሰበሰበው ስም ለመከላከያ ሚኒስቴር ተልኮ ከሠራዊቱ መዛግብት ጋር እንዲመሳከርና የተገኘው ውጤት በጽሑፍ ለቤተሰብ እንዲደርስ፣ ዝርዝሩም በሐውልቱ ግቢ ውስጥ ማንም ገብቶ ሊያነብበው በሚችል ቦታ እንዲቀመጥ እንጠይቃለን። ከታጋዮቹ ጎን ቢቀመጥ ታጋዮቹ የሚያጡት ነገር የለም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲን በ2016 ዓ.ም. ሲያጸድቅ እውነትን ማፈላለግ አንዱ ሥራ እንዲሆን ወስኗል። ከዚያ ወዲህም ሆነ በፊት በክልላችን ሌላ ደም ፈስሷል፣ እየፈሰሰም ነው፤ የዛሬዎቹን እናቶች መርዶም የሚናገር ያስፈልጋል። የ1970ዎቹን መዝገብ መክፈት የዛሬውን ለማዘግየት ምክንያት እንዳይሆን አደራ እላለሁ።

ሥራው ሲጀመር ከሚሰበሰበው ማስረጃ የመጀመሪያው እንዲሆን የወንድሜን ደብዳቤ ይዤ እቀርባለሁ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዘው ስለነበር እጥፋቱ ላይ ሳስቷል፤ ስለ ቡናዋ የጻፈበት መስመር ግን አሁንም በደንብ ይነበባል።

ከአክብሮት ጋር፣
ዘጌ ተወልጄ ባሕር ዳር የምኖር ጡረተኛ መምህር